አይቁረጧት የተባልኩት ቀሚስ

ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጎን ባለች በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አገሬ ላይ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። በፖለቲካ ምክንያት ሸሽቼ ካርቱም ስገባ ስፌቱን ያስተማረኝ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። እጄ ቶሎ ለመደው፤ ልቤ ግን እንቢ አለ። ዚፕ ስቀይር፣ ሱሪ ሳሳጥር፣ ራሴን እንደ ልብስ ሰፊ ሳይሆን ለጊዜው እዚያ እንደተቀመጠ መምህር ነበር የምቆጥረው። ይህን የምለው ለጥፋቴ ማመካኛ ፈልጌ አይደለም። ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ነው።

ልጅቷ የመጣችው አንድ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ነው። የወሎ ልጅ ነች፤ አል-ማንሺያ ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የዕረፍት ቀኗ ጁምዓ ብቻ ነው። አረቦቹ ሺታ የሚሉት ብርድ ገብቶ ነበር። የካርቱምን ሙቀት ብቻ የሰማ ሰው አያምንም እንጂ፣ በዚያ ወቅት ንጋት ላይ ከወንዙ የሚነሳው ንፋስ አጥንት ድረስ ይገባል።

"ማዳሜ ፈጅር ላይ፣ ገና ሳይነጋ ነው ግቢውን የምታሳጥበኝ" አለችኝ። "ከዚህ ሁሉ አሮጌ አንድ የሚሞቅ ነገር ያውጡልኝ፣ መምህር። ረጅም፣ ጉልበቴን የሚሸፍን።"

ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀምጣ ልብሶቹን ከማዳበሪያ ከረጢት አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር። የማዳሟ ልጅ የጣለችው ወፍራም ጥቁር አባያ፣ ክርናቸው የሳሳ ሁለት ሹራቦች፣ ጠርዙ ያለቀ ብርድ ልብስ። ስለ እያንዳንዱ የምትለው ነገር ነበራት። እኔ ግን ሁለት የስደት ጓደኞቼ መጥተው እንደ ሁልጊዜው ስለ አገር ጉዳይ ክርክር ይዘን ነበር። አገሪቱን እንዴት ማዳን እንደሚቻል እያስረዳኋቸው ጆሮዬ ወደ እሷ አልነበረም። በመጨረሻ በሻርፕ የተጠቀለለ ቡናማ ቀሚስ አወጣች፤ ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች አሉበት። ጭኗ ላይ ዘርግታ በመዳፏ እየደባበሰች ብዙ አወራች። የሰማሁት መጨረሻውን ነው።

"ልካችን አንድ ስለሆነ ለልክ ብዬ ነው ያመጣኋት። እሷን ግን አይቁረጧት።"

"እሺ፣ እሺ" አልኳትና ወደ ክርክሬ ዞርኩ።

ረቡዕ ዕለት ረጅም ኮት ልሰፋላት ሥራውን ጀመርኩ። አባያውን ለውጭ፣ ብርድ ልብሱንና ሹራቦቹን ለመሐል አደረግኳቸው። ከውስጥ ገላ ለሚነካው ገበር ለስላሳ ጨርቅ ያስፈልገኝ ነበርና እጄ ከክምሩ ቡናማውን ቀሚስ አነሳ። ብዙ ጊዜ ታጥቦ እንደ ሐር ሆኗል። ጀርባውን ከፊቱ ለየሁ፤ እጅጌዎቹን ነቀልኩ። ሁለተኛውን እጅጌ ሳነሳ ብብቱ ሥር በቀይ ክር፣ በእጅ የተጣፈች ቦታ አየሁ። ስፌቷ ጠማማ ነው፤ ዓይኑ የደከመ ሰው የሰፋት ትመስላለች። ያኔ ነው ያ የሚደባብስ መዳፍ ትዝ ያለኝ።

መቀሱን አስቀመጥኩ። ልጅቷ ስትመጣ ቁርጥራጩን አሳይቼ ጥፋቴን መናገር እችል ነበር። ለአንድ የቤት ሠራተኛ አንገቴን ደፍቼ ስቆም ታየኝና አልቻልኩም። ቁርጥራጩን እንዳለ ገበር አደረግኩት። እንደዚያ ተጠንቅቄ ሰፍቼ አላውቅም። አበቦቹ ወደ ውስጥ፣ ወደ ብርድ ልብሱ ዞረው ተደበቁ፤ ከላዩም እንዳይታይ ስስ ጥቁር ጨርቅ ደረብኩበት።

በጁምዓው መጣች። ኮቱን ለብሳ እጆቿን ዘርግታ ዞረች፤ ሳቀች።

"ወላሂ እንደ እቅፍ ነው የሚሞቀው!" አለች። ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ አየች። "ቀሚሷስ?"

"አቧራ ነክቷት አጥቤ አጥሩ ላይ አስጥቻት ነበር" አልኳት። "ሰው ወሰዳት።"

ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ የጠፋው ወዲያው አልነበረም፤ ቀስ እያለ ነበር። ከዚያ፣ አሁንም ሳስበው የምሸማቀቅበትን ነገር አደረገች፤ እኔን ማጽናናት ጀመረች።

"አይ መምህር፣ አንቱ ምን አጠፉ? ሌባ ነው። የእናቴ ነበረች። ስትሞት አልነበርኩም፤ እህቴ ነች የላከችልኝ።"

ለመሄድ ስትነሳ እጄን ይዛ "አላህ ይስጥዎት" ብላ መረቀችኝ።

የተሰረቀ ልብስ ኦምዱርማን ገበያ፣ ሰልባጅ ተራ ይሸጣል ብለው ሴቶች ነግረዋት በቀጣዩ ጁምዓ ድልድዩን ተሻግራ ሄደች። ማታ ባዶ እጇን በበረንዳዬ በኩል ስታልፍ አየኋት። በሚቀጥለውም ሄደች። በሦስተኛው ጁምዓ ጠዋት እኔጋ መጣች።

"አንቱ ጨርቅ ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ከብዙ ልብስ መሐል ዓይኔ ይምታታል። አብረውኝ ቢሄዱ?"

እንቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ባሱ ላይ መስኮት አጠገብ አስቀመጠችኝ፤ ሒሳቡንም ቀድማ ከፈለች። ገበያው ውስጥ እስከ ቀትር ዞርን። ኮቱን እንደለበሰች በእያንዳንዱ ክምር ፊት ቆማ በአረብኛ "ቡናማ፣ ትንንሽ አበባ" እያለች፣ አበባው የት እንዳለ ለማሳየት ደረቷን በጣቷ ትነካለች። ጣቷ የሚያርፈው እኮ እዚያው ላይ ነው። ከጣቷና ከምትፈልገው ነገር መሐል ያለው አንድ ጣት ውፍረት ልብስ ብቻ ነው።

አንድ ነጋዴ ከክምር ሥር ቡናማ ነገር ሲጎትት "ያቻት!" ብላ ሮጠች። የሶፋ ልብስ ነበር። ጨርቁን እንደያዘች ዞራ ስታየኝ ከዚያ በላይ መደበቅ አቃተኝ።

"አትፈልጊያት" አልኳት። "አልተሰረቀችም። እኔ ነኝ የቆረጥኳት። ለብሰሻታል።"

የምቀልድ መሰላት። ከዚያ ኮቱን አውልቃ የታችኛውን ጫፍ በጥርሷ በጥሳ ስንዝር ያህል ተረተረችው። ጣቷን አስገብታ ስትገለብጠው ነጫጮቹ አበቦች ብቅ አሉ።

"መዓሌሽ" አልኩ። ካርቱም ውስጥ ሰው እግር ሲረግጥም፣ ሪክሻ ሲገጭም፣ ወረቀትህ ቢሮ ውስጥ ሲጠፋም የሚባል ቃል ነው።

"በአማርኛ ይበሉኝ" አለች።

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"መቁረጡስ ይሁን፤ እጅ ይሳሳታል። ሦስት ጁምዓ ስንከራተት ግን ዝም አሉ። አብረውኝ ባስ ተሳፍረው እንኳ ዝም አሉ።"

ኮቱን አልለበሰችውም፤ አቅፋው ሄደች። እኔ ሌላ ባስ ጠብቄ ተመለስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥታ ኮቱን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው። "አውጡልኝ" አለች።

"እንደገና ልገጣጥማት እችላለሁ፤ ሙሉ ቀሚስ ላደርጋት..."

"አይ። መርፌዎን ደግመው አያሳርፉባት። ማውጣት ብቻ።"

በምላጭ እያንዳንዱን ስፌት ስፈታ ከሰዓት በኋላው አለቀ። ዱካው ላይ ተቀምጣ ከእጄ ዓይኗን አልነቀለችም። ጓደኞቼ መጡ፤ ዛሬ ሥራ አለኝ ብዬ ሸኘኋቸው። ምናልባት ይቅር የተባልኩ መስሎኝ፣ "እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ያን ቀን ነግሬዎት ነበር" አለች።

ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቅኳትም። የወጣውን ሁሉ ጭኗ ላይ በየቦታው ደረደረችው፤ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ እጅጌዎቹን። ሳልጥል ያስቀመጥኩትን ቅንጥብጣቢ ሰጠኋት፤ እሱንም ተቀበለችና ሁሉንም በሻርፑ ጠቀለለች። ለኮቱ አዲስ የጥጥ ገበር ገዝቼ ነበር። "ብርዱ ገና አላለቀም" ስላት ጥቂት አሰበችና "ኸላስ፣ በቃ ይስፉት" አለች። በሳምንቱ መጥታ ወሰደችው። አልመረቀችኝም።

ከዚያ በኋላ ልብሷን የምታሰፋው ሌላ ዘንድ ነው። ጁምዓ ጁምዓ ግን በበረንዳዬ ፊት ስታልፍ "አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር" ማለቷን አልተወችም። የወሎ ጨዋነቷ ነው እንጂ ይቅርታ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ እመልስላታለሁ። አንዳንዴ የማስተናግደው ደንበኛ ግራ ገብቶት ማን ናት ብሎ ይጠይቀኛል፤ ልብስ ያበላሸሁባት ሰው ናት እለዋለሁ፤ እሱም ሱሪውን እንደያዘ በጥርጣሬ ያየኛል።