የሰማይ ቤት መታወቂያ

አመተ ሥላሴ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ዛላ በርበሬ ቀንጥሳ ሸጣለች። ጉሮሮዋ ከብናኙ የተነሣ ሻክሯል። ስትቆጣ ድምፅዋ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። አጠገቧ የምትነግደው ጠሂራ «እሷ ዝግ ብላ ካወራች ሽሹ» ትላለች።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን፣ የቆርቆሮው አዳራሽ ውስጥ ሕፃናት ታስተምራለች። የመርካቶ ልጆች ስለሆኑ ሰማይ ቤትን በሚያውቁት ትጀምርላቸዋለች። «ማንም ማንንም የማይገፋበት፣ ‹ዞር በሉ› የሚል የሌለበት፣ እናት ልጄ ጠፋብኝ ብላ የማትጮኽበት ነው» ስትል አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። እንዲህ ያለ ቦታ መቼ አይተው።

ያን ሰሞን ጉንፋን ጥሏት ሁለት እሑድ ቀረች። በቦታዋ የገባው ፍቃዱ ነበር፤ የማታ የሃይማኖት ትምህርት ኮርስ ጨርሶ ሰርተፍኬት ከተቀበለ ወር ቢሆነው ነው።

በሦስተኛው እሑድ ስትመለስ የሰባት ዓመቷ ሶልያና ከሁሉም ቀድማ በር ላይ ቆማለች። አባቷ አቶ ከተማ፣ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከቆርቆሮ ምድጃ የሚሠራ ሰው ነው። በቅርቡ ወንድ ልጅ ተወልዶለት፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሣ አራት ቀን ሲቀረው ሞቶበታል።

ሶልያና ከደብተሯ መሀል የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «እትዬ፣ ይቺን ለማሙሽ ይላኩልኝ።»

የራሷ የክርስትና ምስክር ወረቀት ነው። «ወለተ ሚካኤል» የሚለው ስም በእስክሪፕቶ ተሰርዞ ከላዩ በተንጋደደ ፊደል «ማሙሽ» ተብሎ ተጽፏል።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እናቴ?»

«ጋሽ ፍቃዱ ክርስትና የሰማይ ቤት መታወቂያ ነው አሉ። መታወቂያ የሌለው ከበር ይመለሳል አሉ። ማሙሽ ደግሞ አላወጣም። የክርስትና ስም ስለሌለው ነው እንደዚህ ብዬ የጻፍኩት።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ፎቶ የለውም፣ አይነቃበትም።»

አመተ ሥላሴን በርበሬ ዓይኗ የገባ ያህል አቃጠላት። ትልቅ ሰው ቢሆን ተከራክሮ ይወጣዋል። ሕፃን ግን የነገሩትን ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው።

ፍቃዱን መጻሕፍት ሲደረድር አገኘችውና ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችው።

«ወንድም ፍቃዱ፣ አንብበው።» ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

አነበበው። «እትዬ፣ እኔ እኮ የጥምቀትን አስፈላጊነት በምሳሌ ለማስረዳት…»

«አስፈላጊነቱንማ እኔም አስተምራለሁ። በሩ ላይ ዘበኛ ያቆምከው ከየትኛው መጽሐፍ አግኝተህ ነው?»

«እንዲገባቸው ብዬ ነው።»

«ገብቷቸዋል። ይኸው በሰባት ዓመቷ ፎርጅድ ሠርታ መጣች።»

«ወንድሟ መሞቱን አላወቅኩም ነበር።»

«ሠላሳ ልጅ ፊትህ አስቀምጠህ፣ የማን ቤት ለቅሶ እንዳለ ሳትጠይቅ ማን ይገባል ማን ይመለሳል ትላለህ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የተቆጣው መቼ ነው? ኮርሱ ላይ አልነገሩህም? ሕፃናትን ሲመልሱ ነው።»

ፍቃዱ አቀረቀረ። «ይቅርታ።»

«ለእኔ አይደለም» አለችና ልጆቹ ፊት ወስዳ አቆመችው።

ግንባሩን በእጁ ጠረገ። «መታወቂያ ያልኳችሁ ከራሴ ነው። ተሳስቻለሁ። እግዚአብሔር ወረቀት አይጠይቅም፤ ልጆቹን ያውቃቸዋል።»

ሶልያና እጇን አወጣች። «ታዲያ ማሙሽ ገባ?»

ፍቃዱ ዘወር ብሎ አመተ ሥላሴን አየ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ራሱ የከፈተውን ጥያቄ ራሱ ይመልስ። ልጅቷ ፊት በርከክ አለ።

«እኔ ፈራጅ አይደለሁም፣ ሶልያና። ግን ጌታ ሕፃናትን አቅፎ ነው የባረካቸው። ማሙሽም ያለው እሱ ጋ ነው፤ ከዚያ የሚያስወጣው የለም።»

ልጅቷ አመተ ሥላሴ እጅ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ድንገት ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ ግን ስሜን ሰርዣለሁ። እኔስ?»

ማንም አልሳቀም። አመተ ሥላሴ ወረቀቱን ከእስክሪፕቶ ጋር ለፍቃዱ አቀበለችው። «ጻፍላት።»

ከተሰረዘው ጎን «ወለተ ሚካኤል» ብሎ ጻፈ።

«ደመቅ አድርገህ» አለችው፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም።