የዳቦ ፋብሪካው ፕሮፌሰር

የዳቦ ፋብሪካው ሠራተኞች አለቃቸውን ከጀርባው «ፕሮፌሰር» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ሰምቶ ሙገሳ መስሎታል። የአንድ ሳምንት ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ የሰውን ልጅ ባሕርይ ጨርሶ ያወቀ ሰው ሆኖ ነው የገባው። የምስክር ወረቀቱን ምድጃው ፊት ለፊት ሰቀለው፤ በወበቁ ተጨማዶ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ቀረ።

አወቅሁ የሚለው «ሰው የሚማረው ሲያፍር ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ያጠፋ ሠራተኛ ሣጥን ላይ ቆሞ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል፣ ሌላው ያጨበጭባል። ዳቦ ያሳረረው ጋጋሪ፣ በዕድሜ አባቱ የሚሆን ሰው፣ እሱም ሣጥኑ ላይ ወጥቶ ተጨብጭቦበታል። ይህ ገልቱ አለቃ እንኳን የሌላ ሰው ልብ፣ የገዛ ጓዳውም አይገባውም።

አንድ ጠዋት ማቡኪያው ማሽን ላይ የነበረው አምፖል ተሰበረ። ሊጥ አቡኪዋ ከፕሮፌሰሩ ጋር የምትኖር ታናሽ እህቱ ናት። ማሽኑን አጠፋችና ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች።

«ጋሼ፣ የመጥረጊያው እንጨት አምልጦኝ አምፖሉን መታሁት። ስብርባሪው ሊጡ ውስጥ ገብቷል፤ ይደፋ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያመሰግናት ነበር። እሱ ከየት አምጥቶ። ሊጡንስ አስደፋ፤ እሷን ግን «ለእህቴም አላዳላም» ብሎ ሣጥኑ ላይ አወጣት።

«ጮክ በይ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ደገመችው። እንባዋ ዱቄት በለበሰ ጉንጯ ላይ ወረደ። ሠራተኛው ሁሉ እሷን ላለማየት አቀርቅሮ አጨበጨበ።

ትምህርቱ በደንብ ገባቸው። ከዚያ ወዲህ አጠፋሁ የሚል ሰው ጠፋ። ብሎን ወልቆ ሊጥ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ወንፊቱ ከተቀደደም እንደተቀደደ ይነፋበታል። ፕሮፌሰሩ ግን ለፋብሪካው ባለቤት «ጥፋት የሚባል የለም» ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ደመወዝ ተጨመረለት፤ አረማመዱ ሁሉ የጌታ ሆነ።

ቤት ውስጥ ቁርስ የምታቀርበው እህቱ ናት። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ የሚያድለውን ዳቦ አትነካም፤ ከሥራ ስትወጣ መንገድ ተሻግራ ከሌላ ዳቦ ቤት ትገዛለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ጠዋት ያንኑ ለእሱም ለልጆቹም እኩል ቆርሳ ታቀርባለች። እሱ ገምጦ ለልጆቹ ያሳያል።

«ቅመሱት እስቲ። ሠራተኛ ሲሠለጥን ዳቦው እንዲህ ነው።»

«አዎ ጋሼ» ትላለች፣ የትንሿን ልጅ ድርሻ በሻይ እያለሰለሰች።