የጋሽ ኢሉን ፊት የበላው አፕዴት

አማከለች ሰው የምታለብስ ሴት ናት። ልብስ ሰፊዋ እኔ ነኝ፤ እሷ የምታለብሰው በኮምፒውተር ነው። ጎፋ ውስጥ ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እኔ የሰው ሱሪ ሳሳጥር እሷ ከግድግዳው ማዶ ለሞተ ሰው ኮት ታለብሳለች።

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ለለቅሶውም ለሙት ዓመቱም ትልቅ ፎቶ ይሠራል። ብዙ ሽማግሌ ግን ከመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ሌላ የለውም። ያውም ፊቱን አኮሳትሮ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ተጣሞ፣ የማኅተም ቀለም ግንባሩ ላይ ፈሶ። አማከለች ያንን ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባና ማኅተሙን ከግንባሩ ላይ ታነሣለች፣ ኮት ታለብሰዋለች። አብረው ፎቶ ተነሥተው የማያውቁ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ታስቀምጣለች። "አባቴን ትንሽ ፈገግ አድርጊልኝ" የሚላትም አለ።

"አባትህ ፈገግ ይል ነበር?" ትለዋለች።

"ኧረ አይልም።"

"እንግዲያው ተወው፤ እንዳኮረፈ ይኑር።"

የተወለደችው ለቡ ነው። ያኔ ለቡ ጤፍ ይዘራበት ነበር፤ አሁን የአባቷ ማሳ ላይ ፎቅ ቆሟል። አባቷ ሲሞት አንድም ፎቶ አልነበረውም። ይሄን ሥራ የያዘችው ለዛ ይመስለኛል። እሷ ነግራኝ አታውቅም፤ እኔ ነኝ የማስበው።

እማማ ተሾመች የለቡ ሰው ናቸው። ባላቸው ጋሽ ኢሉ ሲሞቱ መታወቂያቸውን ይዘው አማከለች ጋ መጡ። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ትልቅ ፎቶ እንድትሠራላቸው ነው። ጋሽ ኢሉ ካሜራ ሲያዩ የሚሸሹ ሰው ነበሩ። የዘመድ ሰርግ ላይ በስልክ የተነሡትን ብታዩ ወይ ጀርባቸው ነው፣ ወይ ጋቢ የሸፈነው ጭንቅላት። አማከለች መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ኮምፒውተሯ ውስጥ አስገባችና መታወቂያውን መለሰችላቸው። እሳቸውም ድሮ ይቀመጥበት የነበረው የባላቸው ኮት ኪስ ውስጥ መልሰው ከተቱት።

የሟች ልብስ ለተቸገረ ይሰጣል፤ እኛ ሙስሊሞቹም ጋ እነሱ ክርስቲያኖቹም ጋ ያው ነው። ኮቱ ቤተክርስቲያን ደጅ ለአንድ የኔ ቢጤ ተሰጠ፣ ከነመታወቂያው። ኪሱን ያየ ሰው አልነበረም። ትዝ ሲላቸው ሰውየውን ቢፈልጉት አጡት። "ግድ የለም፣ አማከለች ጋ አለ" አሉ እማማ ተሾመች። እንግዲህ የጋሽ ኢሉ ፊት የቀረው እዛ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

የአማከለች አሠራር ደግሞ እንዲህ ነው። ደጇ ላይ የኢሜል አድራሻዋ ተለጥፏል። ፕሪንት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ፋይሉን ወደዛ ይልካል። ማን እንደላከው አታይም። ትከፍታለች፣ ፕሪንት ታደርጋለች፤ ሰውየው መጥቶ "የኔ ደርሷል?" ይልና ወስዶ ይሄዳል። የመጣውን ሁሉ መክፈት እንጀራዋ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ዊንዶውስ፣ እንደ ብዙው የሰፈራችን ኮምፒውተር፣ ክራክ ነው፤ ሳይከፈልበት የተጫነ። ስክሪኑ ጥግ ላይ አልተመዘገበም የሚል ጽሑፍ ሁሌ አለ። ደንበኛ ሲያይባት በእጇ ትከልለዋለች። "የተሰረቀ በግ አስሬ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ" ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መብራት ጠፍቶ መጣ። ኢሜሏን ስትከፍት አንድ መልእክት አገኘች። ያቺ የዊንዶውስ የመስኮት አርማ አለችው። ከሥር ማኅተም አለው። ትንሽ ወልገድ ባለ አማርኛ "ውድ ደንበኛችን" ይላል። "ቫይረስ በዝቷል። ኮምፒውተርዎ አልተመዘገበም። ራስዎን ለመጠበቅ የላክንልዎትን አፕዴት ዛሬውኑ ይጫኑ። ያኔ ይመዘገብልዎታል።"

ግድግዳውን ደበደበችው። "ሀኒፋ! ነይማ! ምሕረት መጣልን!"

ሄድኩ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት። ስትጭነው አንድ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ ሞላ። ሲጨርስ "እናመሰግናለን" አለ። እኛም ደስ ብሎን ተሳሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ነጭ ወረቀት መሰሉ። ስማቸው ተቀይሮ ዝባዝንኬ ሆነ። ብትነካቸው አይከፈቱም። ቆይቶ ስክሪኑ በሙሉ ቀላና ፋይሎችሽ ተቆልፈዋል፣ በውጭ ገንዘብ ክፈዪ የሚል ነገር መጣ።

ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሬድዋንን ጠራነው። ሳይቀመጥ ጎንበስ ብሎ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"አማኬ፣ ምን ጫንሽ?"

"አፕዴት ነዋ። በኢሜል ላኩልኝ።"

"አፕዴት በኢሜል አይመጣም። ከዛው ከኮምፒውተሩ ሴቲንግ ነው የሚገባው። ድርጅቱ አንቺ ጋ ፖስተኛ አይልክም።"

"ማኅተም አለው እኮ!"

"አንቺ ከሽማግሌ ግንባር ላይ ማኅተም ታነሺ የለ እንዴ? ማንሣት ከተቻለ ማድረግ ያቅታል?"

ሬድዋን ሌላ ቦታ ኮፒ እንዳላት ጠየቃት። ፍላሽ ነበራት፤ ግን እዛው ተሰክቶ ስለነበር አብሮ ተበልቷል።

"ብትከፍዪም ይከፍቱልኛል ብለሽ አትመኚ" አላት። "ሌባ ደረሰኝ አይሰጥም።"

አማከለች ስትናደድ አይቻታለሁ። ያን ቀን ግን ንዴት አልነበረም፤ ተጸየፈች።

"ቢሰርቀኝ ይስረቀኝ" አለች። "ሌባ አይቼ አላውቅም? ታክሲ ውስጥ ስልኬን የመነተፈኝ ቢያንስ ሮጧል፤ አፍሯል። ይሄ ግን ቫይረስ በዝቷል፣ ራስሽን ጠብቂ ብሎ መከረኝ። ከዛ አረደኝ። አርዶኝ ሲያበቃ አመሰገነኝ እኮ ሀኒፋ! ቱ!"

ኪቦርዱን በበረኪና ጠረገችው። ሬድዋን "በረኪና አይገድለውም" ቢላት "እሱን ልግደል መች አልኩ፣ ለእጄ ነው" አለችው። ሽታው እኔ ሱቅ ድረስ መጣ። ከዛ በኋላ ምሳ ስንበላ እጇን ታሸታለች። "ሌላ ሰው ያኘከው ማስቲካ የያዝኩ ነው የሚመስለኝ" ብላ ጉርሻዋን ታስቀምጣለች።

የባሰው ገና ነበር። ያ ቆሻሻ በእሷ ስም ለደንበኞቿ ሁሉ ራሱን ልኳል። የሥራ ማመልከቻ የምታሠራዋ ቲና ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች።

"አማኬ፣ የላክሽልኝን አፕዴት ጫንኩትና ይኸው ሞተ!"

"እኔ አልላክሁም።"

"ስምሽ አለበት! አንቺ ባትሆኚ እከፍተው ነበር?"

ቲና ስትሄድ አማከለች ወጥታ ደጇ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ በጥፍሯ ፋቀችው።

ሙት ዓመቱ እየቀረበ ነበር። እማማ ተሾመች ወደ ጎፋ ብቅ ባሉ ቁጥር "ኮቱ ጥቁር ይሁን፣ እሺ? ከረባት ግን እንዳታደርጊበት፤ ታንቆ አያውቅም" ይሏታል። "እሺ እማማ" ትላለች። አልነገረቻቸውም። ሬድዋን ፎቶዎቹ የነበሩበትን ሃርድ ዲስክ ከሱ የበለጠ ዐዋቂ ጋ ወስዶላት ነበርና እሱን ትጠብቃለች። በመጨረሻ በፌስታል ይዞት ተመለሰ። "አልሆነም" ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። አዘነላትና የራሱን ላፕቶፕ አዋሳት።

በዛው ሰሞን የጋሽ ኢሉ ታናሽ ወንድም ጋሽ ቀጄላ ፎቶው አልቆ እንደሆነ ሊያዩ መጡ። ለቡ ውስጥ እስካሁን ላም ያላቸው ሰው ናቸው፤ ለኛም ወተት የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ሁሉን ነገረቻቸው።

"ይቺ ናት የምታስጨንቅሽ?" አሉ። "እኔን አንሺኛ! እኔና ኢሉ ለእናታችንም እንምታታባት ነበር። ትንሽ አስረጂኝ፣ አፌን ዝጊልኝ፣ ኮቱን አልብሺኝ፣ አለቀ። ተሾመች እንደሆነ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል።"

"እንዴት ይሆናል ጋሼ?"

"ለሷው ደስታ ነው። ማን ይጎዳል?"

አነሣቻቸው። ጸጉራቸውን አሸበተች፣ ጉንጫቸውን አጎደጎደች፣ ጥቁር ኮት አለበሰቻቸው። ስመለከተው ደነገጥኩ። ጋሽ ኢሉ ናቸው።

"እንዲህ ካማርኩስ ቀድሜው በሞትኩ!" አሉ ጋሽ ቀጄላ። እኔ ሳቅኩ። አማከለች አልሳቀችም። ጠርዙን ስታስተካክል ቆየችና እጇን ከማውሱ ላይ መንጭቃ አነሣች።

"ይቀፋል" አለች።

"ምኑ?" አልኳት።

"ይሄ። ከላይ ሲያዩት ልክ ነው፣ ውስጡ ሌላ ነው። እኔም እንደዛ አፕዴት ላኪ ልሆን ነው እኮ።"

ሰረዘችው። ጋሽ ቀጄላ አልተቀየሙም፤ ባርኔጣቸውን አድርገው "ነዪ እንግዲያው፣ አብረን እንንገራት" አሉ። ሦስታችንም ታክሲ ይዘን ለቡ ሄድን።

እማማ ተሾመች ግቢያቸው ውስጥ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ለድግሱ ጠላ የሚሆን ብቅል ያሰጣሉ። "መጣልኝ?" አሉ እጃቸውን እያራገፉ። አማከለች እንደቆመች ነገረቻቸው።

"ማነው የወሰደው?"

"አላውቀውም እማማ።"

"አላየሽውም?"

"አይታይም። በኮምፒውተር ነው የሚመጣው።"

"እሺ፣ እሱስ አይታይም። ኮቱ ጥቁር ይሁን ስልሽ 'እሺ እማማ' ትዪኝ የነበረችውስ? እሷም አትታይም?"

አማከለች መሬት መሬት አየች። ጋሽ ቀጄላ ሊያግዟት ገቡ።

"ተዪ ተሾመች፣ ልጅቷ እውነተኛ ናት። የኔን ፎቶ ኢሉ አስመስለሽ ስጫት ብላት እምቢ አለች።"

"አንተን? ራስጌዬ አንተን ልሰቅል ነበር?"

ሴቶቹ ሳቁ። እማማ ተሾመች አልሳቁም። "ሂጂ" አሏት አማከለችን። "ለሙት ዓመቱ ግን እንዳትቀሪ። ሰው ፎቶው የታለ ሲለኝ የማሳየው አንቺን ነው።"

አማከለች አልቀረችም፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ለኛ ለሙስሊሞቹ ምግብ ለብቻ ተሠርቶልን ነበር። እማማ ተሾመች እንዳሉት አደረጉ። እንግዳ ሲገባ በጣታቸው እያመለከቱ "ይቺ ናት የኢሉን ፎቶ ያጠፋችብኝ" ይላሉ። አማከለችም ከሽንኩርት ክትፊያዋ ቀና ብላ "አዎ፣ እኔ ነኝ" ትላለች። እየቀፈፋትም ቢሆን ኢሜሉ እንዴት እንደመጣ ለጠየቃት ሁሉ ትነግራለች፤ ስልኩ ላይ የደረሰውን መልእክት እያሳየ "ይሄስ?" የሚላትም አልጠፋም።

ሰዉ ሲሳሳ እማማ ተሾመች እየዳበሱ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ፊታቸው አልተፈታም።

"እዛ ፎቶ ላይ" አሉ፣ "ጆሮው ይታይ ነበር?"

"ይታይ ነበር እማማ። ግራው ተለቅ ይላል።"

"አዎ። ግራው።" አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "ቅንድቡስ?"

አማከለች ቢላዋውን አስቀመጠችና እጇን በመሐረቧ ጠርጋ፣ በጣቷ በገዛ ግንባሯ ላይ እየሳለች ትነግራቸው ጀመር።