ለእግር የሚሆን ጉድጓድ

የአረጋውያን ክበባችን ወለል ሲሚንቶ ነበር። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት፣ ሲቀላ ሠፈር ውስጥ እንዲህ የለሰለሰ ወለል ብዙ ስላልነበር ኮሚቴው በጣም ይኮራበታል፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ሽማግሌዎቹን ሳይሆን ወለሉን ነው። ያንን ወለል በየማለዳው የምወለውለው እኔ። ምሳ የማበስለው፣ ጥፍር የምቆርጠው፣ የተኳረፉትን የማስታርቀውም እኔ። ስቀጠር "ተንከባካቢ" ተብዬ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ወገቤን ይዤ መነሣት ለመድኩ፤ አረጋውያኑ እንኳ "አይዞሽ" ይሉኝ ጀመር።

ከዶርዜ የመጡት ሽማግሌ የተቀላቀሉን በበልግ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሸማኔ የነበሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብሎ ወደሚኖርበት ኪራይ ቤት አወረዳቸው። የሸማ ዕቃቸውን ተሸክመው ቢመጡም የልጃቸው ቤት ወለልም ሲሚንቶ ሆኖ ተገኘ። ሸማኔ ደግሞ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ አፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ እየረገጠ ነው የሚሠራው። አከራዩም ወለሌን አላስነካም አሉ።

ሽማግሌው ታዲያ ምግብ እምቢ አሉ። ታመው አይደለም።

"አባባ፣ ምሳ ቀርቧል።"

"እኔ ዛሬ ምን ሠራሁ?"

"እዚህ ማንም አይሠራም፤ ሁሉም ይበላል።"

"እነሱ ይብላ። እኔ ሥራ የለ፣ ምሳ የለ። ሻይ ይበቃኛል፣ ልጄ።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት፣ ቀጥሎም ሌላ። እኔ ድስት ጥጄ ድስት ሳወርድ ሰውዬው በዓይኔ ፊት እያለቁ ነበር። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አንድ ቀን በእጄ ላጎርሳቸው ሞክሬ ሁሉ አልሆነም። አፋቸውን ገጥመው በትሕትና ፈገግ ይላሉ። ያ ፈገግታ እንዴት እንደሚያናድድ!

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ከበሩ ጀርባ ያለው ጥግ ተሰብሮ ጉድጓድ ይቆፈርላቸው ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ስንት ቦታ ለምነን ያስነጠፍነውን ወለል?"

"እንግዲያው ሽማግሌው ሲሞቱ ለለቀስተኛው ወለሉን ያሳዩት፣ ጋሼ" አልኩ።

በማግስቱ ሁለት ሰው ዲጂኖ ይዞ መጣ።

ጉድጓዱ ባለቀ ቀን ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ ሲሠሩ ዋሉ። ምሳ ሲደርስ ማንም ሳይጠራቸው እዚያው እንደተቀመጡ ሳህን ያዙ፤ አስጨምረውም በሉ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ግን ምሳ እስኪያልቅ ነው። ለካ እግራቸው ወደ ጉድጓዱ ይግባ እንጂ ጉልበታቸው መልሶ አያወጣውም። ለምሳ ጎትቼ አወጣቸዋለሁ፣ መልሼ አስገባቸዋለሁ። ሽንት ሲመጣ እንደዚያው፣ ወደ ቤት ሲሄዱም እንደዚያው። በሲቀላ ሙቀት ላቤ ጠብ እያለ በብብታቸው ገብቼ ስጎትት "ጎበዝ!" ይሉኛል። ጎበዝነቴን ወገቤ ይወቀው።

እሱንም ለምጄው ሳለ፣ አንድ ማለዳ ሽማግሌው ገና ሳይመጡ አንዲት እናት ከጸሎት ተነሥተው ወደ በሩ ሲያመሩ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ እንባቸው ሲወርድ ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ጉድጓዱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። የወደቁት እናት እውነት ነው የወደቁት። በማግስቱ ጉድጓዱ ተደፈነ።

ሽማግሌው መጥተው እርጥቡን ሲሚንቶ አዩና "ደህና" አሉ። ዕቃቸውን ለልጃቸው አሸክመው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያም አልመጡም። ለጥቂት ቀን የሚጎተት ሰው ባለመኖሩ ወገቤ እፎይ አለ። ልቤ ግን አላስቀመጠኝም፤ ዓርብ ከሥራ ስወጣ ልጃቸው ቤት ሄድኩ።

ሽማግሌው አልጋ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። የልጃቸው ሚስት ሕፃን አዝላ ልብስ ታጥፋለች።

"ገንፎ ሠራሁ፣ ዓሣ ገዛሁ፣ አባቴ አይበላም" አለችኝ። "እኔ ምን ላርግ፣ እህቴ? ጎረቤት እኔን ነው የሚያማ።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልቀረም፤ ድካም ብቻ ነው። የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። አይዟችሁ ብዬ ጸልዬ ልወጣ ነበር አመጣጤ። አፌ ግን ቀደመኝ።

"የኔ ቤት ወለል አፈር ነው።"

ሽማግሌው ከግድግዳው ዞሩ።

"ውኃ ይገባል?"

"አይገባም፣ አባባ። ከፍ ያለ ቦታ ነው።"

ተነሥተው ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ምን እንዳልኩ ያኔ ገና ገባኝ። ቤት የምለው አንዲት ክፍል ናት፤ ብቻዬን የምኖርባት፣ ማንም "ነይ አንሺኝ" የማይለኝ ቦታ እሷ ብቻ ናት።

ቅዳሜ በጠዋት ልጃቸው በአልጋዬና በምድጃዬ መካከል ቆፍሮ ሽማግሌውን ከነዕቃቸው አስቀመጣቸው። ቅዳሜ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ ጋደም ልበል ብዬ ሞከርኩ፤ ክር የሚያመላልሰው መወርወሪያ አጠገቤ ወዲያና ወዲህ ሲል ማን ይተኛል! ተነሥቼ ጎመን ቀቀልኩ። ቆጮው ለአንድ ሰው የሚሆን ነበር፤ ከፍዬ አቀረብኩላቸው። አልለመንኳቸውም። እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደተቀመጡ፣ እጃቸውን አስታጥቤያቸው፣ አንዲት ሳያስተርፉ በሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ሌላ አለ?"

"አለ" አልኩ። የራሴን ድርሻ ሳህናቸው ላይ ገለበጥኩና ድስቱን ላጥብ ወጣሁ።