ከሚጢ ጆሮ በላይ ያለው እብጠት

ልብስ ሰፊዋ እብጠቱን ያገኘችው የልጇን ፀጉር ስትጎነጉን ነው። ከግራ ጆሮዋ በላይ፣ ጣቷ ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር ላይ ቆመ። ልጅቱ፣ በቤት ስሟ ሚጢ፣ ገና ሦስት ዓመቷ ነው።

«እትዬ፣ ሚጢ ወድቃ ነበር እንዴ?» አለች። እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናት፤ እናትየው ስፌት ቤት ስትውል ሕፃኗን የምትይዘው እሷ ነች።

«ኧረ አልወደቀችም! ብትወድቅ ዝም እላለሁ?»

መልሱ ፈጠነባት። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብላ ነገሩን በሆዷ ያዘች። ከዚያ ወዲያ መቀሷ ጨርቅ ይቁረጥ እንጂ ልቧ ቤት ነው። ራሴን አመመኝ፣ ቁልፍ ረሳሁ እያለች ሳትታሰብ ከች ትላለች፤ በሩን ከመግፋቷ በፊትም ጆሮዋን ትለጥፋለች። የምትሰማው እትዬ ዜማ እያበላሸች ስታንጎራጉርና ሚጢ ስትስቅ ብቻ ነው። ይህም አላሳመናትም።

«ኮቴዬን ለይታ ታውቀዋለች» አለች ለባሏ።

«እህቴ እኮ ናት! ሌባ አስመሰልሻት» አላት። ከዚያ በኋላ እሱንም ጠረጠረችው።

እብጠቱ ግን እያደገ ሄደ። ሚጢ በዚያ ጎን አልተኛም አለች። ሁለቱ ሴቶች ሐኪም ቤት ሲወስዷት፣ ወጣቷ ሐኪም እብጠቱን ዳበሰችና እናትየውን ትክ ብላ አየቻት።

«ማን ነው የመታት?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?»

«እናቷ አይደሉም?»

እትዬ ከኋላ ሆና፣ «ኧረ ዶክተር፣ እሷ እንኳን ልጇን ዝንብም አትመታም!» አለች። እናትየው ዞራ ልታያት አልደፈረችም።

ራጁና ሲቲ ስካኑ ሌላ ነገር አወጡ። የተሰነጠቀ የለም፤ ያበጠው የራስ ቅሏ አጥንት ራሱ ነው።

«የአጥንት ዕጢ ነው፤ ሕፃናት ላይ ከስንት አንዴ ነው የሚታየው። ማንም አላመጣባትም» አለች ሐኪሟ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሚጢ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ የወጣው ሲመረመርም የማይዛመት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ስትነቃ መጀመሪያ የጠራችው እትዬን ነበር።

እናትየው ኮሪደሩ ላይ ተጠጋቻት። «እትዬ፣ እኔ እኮ ክፉ አስቤብሽ...»

«አውቃለሁ። ልጁ የታመመበት ሰው ማንን አይጠረጥርም?»

ሚጢ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ጠባሳውንም ፀጉሯ ሸፍኖታል። እትዬ አሁንም ትመጣለች፤ እናትየው ከሌለች ግን በር ላይ ሰላም ብላ ትመለሳለች። ወንድሟ «ግቢ እንጂ» ሲላት፣ «ሥራ አለብኝ» ትላለች። ሥራ እንደሌላት ሁሉም ያውቃል።