የእርቁ ምሳ

ታላቅ ወንድሜን በእርሻ ድንበር ጠብ የገደለው ጎረቤታችን ፍርዱን እስኪያገኝ ድረስ፣ መካነ ሰላም ያለው የጨርቅ ሱቄ ሸንጎ ሆኖ ነበር። ጨርቅ ሊገዛ የገባ ሁሉ ሳይፈርድ አይወጣም። «አንዱን ዕድሜ ልክ ቢያከናንቡት ሌላው እጁን ይሰበስባል» ይሉኛል። እኔም ከልቤ አሜን እላለሁ። ወንድሜ አፈር ገብቶ ገዳዩ ፀሐይ ሲሞቅ ማሰቡ ያንገበግበኝ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌዎች ከላላ ወዳለው እናቴ ቤት መጡ፤ ሼኩም ቄሱም አብረው፣ የገዳዩ አባት አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ከኋላ። እርቅ ከወረደ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንደሚያቀል ሁሉም ያውቃል፤ እኔን ያበገነኝም ይኸው ነው።

«ለልጃችሁ ዓመት ልታስቀንሱ ነው የመጣችሁት» አልኳቸው ፊት ለፊት።

«የኔ ልጅ» አሉ ሼኩ፣ «መንግሥት ያስራል። ደም የሚያደርቀው ግን እርቅ ነው። እስር ቤቱ አንድ ቀን በሩን ይከፍታል፤ ያኔ ማን መሀል ይገባል?»

ታናሽ ወንድሜ ከሁላችን ቀድሞ «ይሁን፣ እኔ ተስማምቻለሁ» አለ። ወንድማችን ከተቀበረ ጀምሮ ደሙን ሳልመልስ ፀጉሬን አልላጭም ብሎ የማለ ሰው ነው። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ግንባሩን ሳመችው። እኔን እንዲህ በቀላሉ መለዘቡ አላማረኝም።

የእርቁ ቀን በግ ታረደ። በእኛ ዘንድ ሁለቱ ወገን ከአንድ ገበታ ከበላ ወዲያ ደም መመለስ ሐራም ነው። እናቴ ጎረሰች። እኔም ጎረስኩ። ወንድሜ እጁን አልታጠበም።

«ሰኞ አይደል፣ ሱና ጾመኛ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ሽማግሌዎቹ «አላህ ይቀበልህ» ብለው መረቁት።

በዚያው ጠዋት ሊወስደኝ ሱቄ መጥቶ ዳቦ በሻይ ሲበላ አይቼዋለሁ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ቅጣቱ እንዲቀል ከሁሉም አብልጦ የሚፈልገው እሱ ነው፤ ሰውየው ቶሎ እንዲወጣለት።

ለማን ልናገር? እናቴ ብትሰማ ትሞትብኛለች። እሱን ለብቻው ብይዘው «ጾሜ ከአላህ ጋር ነው» ብሎ ዘጋኝ። አንድ ልጅ ቀብረናል፣ ሌላው ነፍሰ ገዳይ ሊሆንብን ነው።

ፍርድ ቤት ዳኛው «የሟች ቤተሰብ ታርቋል?» ብለው ሲጠይቁ እናቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። ተነሳሁ።

«እርቁ አልተፈጸመም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ።

ችሎቱ ተንጫጫ። የገዳዩ አባት በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ፤ አብረን የበላን ሰዎች ነን። የሳቸው ፊት አሁንም ያመኛል። ቅጣቱ ከበደ። ዐቃቤ ሕጉ «ለሌላው መቀጣጫ ይሆናል» አለ።

ወደ ከላላ በተሳፈርንበት ሚኒባስ ሰዉ ሁሉ ይህንኑ ያወራ ነበር። «ከእንግዲህ ማን ይደፍራል?» ይላል አንዱ፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። እናቴ ፊቷን አዙራብኛለች። ወንድሜ አጠገቤ ነበር። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። መኪናው በኮረኮንቹ እያነጠረን ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያጥፍ ቆየና ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለ።

«እታለም፣ እሱ ሲወጣ እኔ ስንት ዓመቴ ይሆናል?»