የፍልሰታ ወተት

ሴትዮዋ ወተቱን መጀመሪያ ራሷ ጠጣች።

ነሐሴ አምስት ቀን ነበር፤ ረፋድ ላይ። ባለቤቴ ወባ ይዟት ገንዳ ውሃ ከተማ ከሚገኝ አንድ ሕክምና ቤት ተኝታ ነበርና እኔ አስታማሚ ሆኜ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር። ሴትዮዋ ነጭ ነጠላ አጣፍታለች፤ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ወተት ወደ ኩባያ ቀዳች፤ አማተበች፤ አንድ ጉንጭ ጠጣች። ከዚያ ኩባያውን ፍራሽ ላይ ለተኛው ወጣት አቀበለችው። ወጣቱ ለጥቂት ጊዜ ፊቷን አየና ተቀብሎ ጠጣ።

እውነቱን ለመጻፍ፣ መጀመሪያ የታየኝ ደግነቷ አልነበረም። በእመቤታችን ጾም፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ሰው እያየ ወተት የምትጠጣ ሴት ናት የታየችኝ። ፊቴን አዞርኩ።

በማግስቱም እንደዚያው አደረገች። በዚህኛው ቀን ግን ልብ ብዬ አየሁ። የጠጣችው አንድ ጉንጭ ብቻ ነው። አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀመጠች፤ ከቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ደወል እስኪሰማ ድረስ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። ከደወሉ በኋላ ከጨርቅ ፈትታ ቆሎ በላች።

በሦስተኛው ቀን ጠየቅኋት።

«ሕመም አለብዎ እንዴ?» አልኳት። «ወተቱን ማለቴ ነው።»

«እኔ ደህና ነኝ። የታመመው እሱ ነው» አለች። ብዙ ጊዜ የተጠየቀችው ነገር ይመስላል።

ስሟ አገኘሽ ነው። ወጣቱ እንዳለው ይባላል፤ ዘመዷ አይደለም። ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ አረም ወርዶ ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ያዘው። ጣፊያው አብጦ ሆዱን ሞልቶታል፤ ዐሥራ ሰባት ቀን መርፌ ታዞለታል። አገኘሽ አስታማሚ የሌላቸውን የቀን ሠራተኞች እየተመላለሰች ታስታምማለች። ይህን ስታደርግ ሰባት ዓመቷ ነው።

ነርሷ ስርጉት እንዳለውን መድኃኒቱ ባዶ ሆድ እንደማይወድ ነግራዋለች። ቄስም መጥተው ለበሽተኛ እንደተፈቀደ ነግረውታል። እሱ ግን ወተቱን ሲያቀርቡለት ወደ ግድግዳው ይዞራል።

«ቄሱ ፈቀዱ፤ እሺ» ይላል። «ክፍሉ ሁሉ ይጾማል። እኔ ብቻዬን አልፈታም።»

ስለዚህ አገኘሽ አብራው ፈታች። ሌላ ምንም አላለችውም።

ወተቱ የሚመጣው ከገበያው ጀርባ ላሞች ካሏት ከረፊቃ ቤት ነው። አንድ ቀን ረፊቃ ራሷ ይዛው መጣች።

«ወላሂ፣ እንዳንቺ ያለ ቄስ አላየሁም» አለቻት። «በረመዳን የታመምኩ እንደሆነ አንቺን ነው የማስጠራ።»

«ጥሪኝ፤ እመጣለሁ።»

«መጥተሽ ምን ልታደርጊ? ረመዳንን አትጾሚው፤ ምኑን ትፈቺልኛለሽ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች አገኘሽ፤ ሳትስቅ።

ረፊቃ ስትወጣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ድሮ ትስቅ ነበር» አለችኝ።

እሑድ ዕለት ባለቤቴን ስርጉት እያየችልኝ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። እንግዳ ሰባኪ ነበሩ። ወንጌልን መስበክ የካህን ሥራ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው በእርሻው፣ ነጋዴው በሱቁ ይመስክር፤ በእናንተ ምክንያት ስንት ሰው ወደ እግዚአብሔር እንደመጣ ራሳችሁን ጠይቁ አሉ። ደስ ስላለኝ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ተመልሼ ለአገኘሽ አነበብኩላት።

«ጥሩ ነው» አለች። «እኔ አንድ ጊዜ መስክሬ ነበር።»

የምትናገረው ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ነበር።

«ባለቤቴ ደረበ ይባላል። አብርሃ ጅራ ወርዶ ሲሠራ ቆይቶ ይኸው በሽታ ይዞት መጣ፤ እዚሁ ሕክምና ቤት ተኛ። ነሐሴ ሲገባ ነው። ወተት ይጠጣ፣ እንቁላል ይብላ አሉ። በጾሟ አላደርገውም አለ። መጀመሪያ ቀን ጠጣ ብዬ ለመንኩት። ሁለተኛው ቀን ጠያቂ መጣ። ‹ደረበ እኮ እንዲህ ሆኖም ጾሙን አልፈታም› አልኩ። ሰው አደነቀ። አንዲት ሴት ‹እኛ ጤነኞቹ እንኳ› ብላ አለቀሰች። ደስ አለኝ። ከዚያ በየቀኑ አወራሁት። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም አወራሁት። ጾም የሚባል ነገር የተወ አንድ የሰፈራችን ሰው ነበር፤ የደረበን ሰምቶ መጾም ጀመረ። እስካሁንም ይጾማል።»

«ከዚያስ?»

«ነሐሴ ዘጠኝ አጠገቡ ያለው በሽተኛ ወተት ሲጠጣ ደረበ ኩባያውን በዐይኑ ሲከተል አየሁት። ስጪኝ አላለኝም። ጠያቂዎቹ በሩ ላይ ነበሩ። እኔ እንዲያ ካወራሁለት በኋላ እንዴት አድርጎ ስጪኝ ይበል? እኔም ጠጣ አላልኩትም። ነሐሴ ዐሥራ አንድ ሞተ።»

«ቢጠጣም ይሞት ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል» አለች።

እግዚአብሔር መሐሪ ነው አልኳት። የማምንበት ነገር ነው። እሷም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ በዚያ የምትከራከር አልነበረችም።

«አላለቀስኩም» አለች። «ለቅሶ የመጣው ሰው አለቀሰ። እስካሁንም አልመጣልኝም። እጸልያለሁ፤ ቃሉ ይወጣል። ፋሲካ ይመጣል፤ ይሄዳል። እግሬ ግን ወደዚህ ይመጣል። ስለ ጾም ለሰው አውርቼ አላውቅም ከዚያ ወዲህ። ስለ ሃይማኖትም።»

ባለቤቴን ትኩሳቱ ነሐሴ ዐሥር ቀን ለቀቃት። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ነገ ትወጣላችሁ አሉን። ያን ዕለት እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ደጋፊ ተነሥቶ ተቀመጠ። አገኘሽ እንደ ልማዷ አንድ ጉንጭ ጠጥታ ኩባያውን ሰጠችው። እሱ ግን ይዞት ቆየ።

«እትዬ» አላት፤ «ከኔ ጋር ይህን እየጠጡ ለፍልሰታ መቁረብ አይቀርብዎትም?»

«አይቀርብኝም» አለችው።

ጨርሶ ጠጣ።

ኩባያውን አጥባ እኔ ወዳለሁበት በረንዳ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ዋሸሁት» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ አልቆረብኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸው። ምን ብዬ? ጤነኛ ሆኜ በየፍልሰታው ወተት እጠጣለሁ ልበላቸው?»

«ይፈቱዎታል።»

«ይፍቱኝ አይፍቱኝ አላውቅም። ፈርቼም አይደለም፤ ፍርሃቱም ጠፍቷል። ነገር ግን ልጁ በቃሌ ጠጣ። ደረበም በቃሌ ነው ሳይጠጣ የቀረ። አሁን ያልኩት ነገር እውነት ይሁን ውሸት ሄጄ መጠየቅ አለብኝ። ውሸት ከሆነ ደግሞ ከሌላ ሰው ሳይሰማ እኔው ልንገረው።»

ነፍስ አባቷ ያሉት በገለጉ በኩል ነው። በክረምት ያ መንገድ መኪና ያስቸግራል፤ ከፊሉን በእግር ነው። ነገ ጠዋት የሚሄድ የጭነት መኪና አግኝታለች። ሄዳ ለመመለስ ሦስት ቀን ይፈጃል። እንዳለው ደግሞ ገና አምስት መርፌ ይቀረዋል።

«ስርጉት ትስጠው» አልኳት።

«ሰጥታው አይታለች። ግድግዳውን ነው የሚያይ።»

ግቢው ውስጥ ዝናብ ጀመረ። ባለቤቴ ከውስጥ ዕቃችንን ስትሰበስብ ይሰማኛል። አገኘሽ ኩባያውን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችና በሁለታችን መካከል አስቀመጠችው።

«አያ ማዕረግ» አለችኝ፤ «አንቱ የሚጾሙ ሰው እንደሆኑ ልጁ አይቶዎታል። ሦስት ቀን ብቻ ይቆዩልኝ። ወተቱን ረፊቃ ታመጣለች።»

«እሰጠዋለሁ» አልኩ።

«መስጠቱን አይደለም» አለች። «መጀመሪያ አንድ ጉንጭ አንቱ ይጠጡለት።»